የሥራን ቅደም ተከተል መግለጽ

አንድ ሥራ እንዴት እንደሚፈጸም የሚያስረዳ ድርሰት የድርጊቶቹን ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት። የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

ያለቀ የፊት ጎማ ፍሬን ሸራ ለመለወጥ በመጀመሪያ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ ለኋላ ጎማዎችም ታኮ ይደረጋል። ቀጥሎ ጎማው መሬት እንደ ረገጠ ብሎኖቹ ይላላሉ። ከዚያም መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ያርፋል፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንምና። ጎማው ከወለቀ በኋላ ሸራዎቹን አቅፎ የያዘው ክፍል ይፈታል፤ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠርም በሽቦ ይንጠለጠላል። አሮጌዎቹ ሸራዎች ወጥተው ፒስተኑ በቀስታ ወደ ውስጥ ሲገፋ አዲሶቹ ይገባሉ። በሌላው ጎን ያለውም እንዲሁ ይለወጣል። በመጨረሻ ሁሉም ተገጥሞ ከጠበቀ በኋላ፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ የፍሬኑ ፔዳል እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ ይረገጣል።

ማስተዋያ፦ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለ ተገፋ ፔዳሉ መጀመሪያ ሲረገጥ ያለ ኃይል ወደ ታች ይወርዳል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ቢቀር የአንቀጹ ሰዋስው አይጎድልም፤ አንባቢው ግን ፍሬኑ በማይዝ መኪና መንገድ ይጀምራል።

መልመጃ

1. ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱትን ቃላትና ሐረጎች ከአንቀጹ አውጡ።
2. አንቀጹን በትእዛዝ አንቀጽ (አቁም፣ ያዝ፣ አላላ) ለውጣችሁ ጻፉ።
3. «ከመንቀሳቀሱ በፊት» የሚለው «ከተንቀሳቀሰ በኋላ» ቢባል ምን ሊደርስ እንደሚችል በሦስት ዐረፍተ ነገሮች አስረዱ።