የማኅበረሰብ ትምህርት ቤትና የበጎ ፈቃደኛ ቦርድ አባላት ድርሻ

በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ ትምህርት ቤት በመሪዎቹ ቅንነት ብቻ ጸንቶ አይቆምም። ቅንነት የሥራ ድርሻን ከማወቅ ጋር ካልተጣመረ፣ በመልካም ሐሳብ የተቋቋመ ትምህርት ቤት ሊዘጋ፣ ልጆችም በዓመቱ አጋማሽ ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ሊንከራተቱ ይችላሉ። በዚህ ትምህርት በአሜሪካ የሚገኙትን ቻርተር ትምህርት ቤቶች አብነት አድርገን የቦርድ አባላትን ኃላፊነትና ወሰን እንመለከታለን።

ቻርተር ትምህርት ቤት በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር፣ ከተማሪዎች ክፍያ የማይጠይቅ፣ በራሱም ቦርድ የሚመራ ትምህርት ቤት ነው። ቻርተር የተባለው ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ከሚሰጠውና ከሚቆጣጠረው አካል ጋር የሚገባው ውል ሲሆን፣ የተማሪዎቹ ውጤት ወይም የገንዘብ አያያዙ ከተጓደለ ላይታደስ ይችላል። ለዚህ አሠራር በሕግ መንገድ የከፈተችው የመጀመሪያዋ ግዛት ሚኒሶታ ስትሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1991 ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሲቲ አካዳሚ የተባለው የመጀመሪያው ቻርተር ትምህርት ቤት በሴንት ፖል ከተማ ተከፈተ። ዛሬ በዚያው ግዛት ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ልጆቻቸውን በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ያስተምራሉ።

የሚኒሶታ ሕግ ቦርዱ እርስ በርስ የማይዛመዱ ቢያንስ አምስት አባላት እንዲኖሩት ያዛል። ከእነርሱም መካከል የትምህርት ቤቱ መምህር፣ የተማሪ ወላጅ፣ እንዲሁም በዚያ ልጅ የሌለውና ተቀጣሪ ያልሆነ የማኅበረሰቡ አባል ሊገኙ ይገባል። የዚህ ድንጋጌ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ መምህሩ የክፍሉን፣ ወላጁ የቤቱን፣ ሦስተኛው የሕዝቡን ጉዳይ ይዞ ይቀመጣል። አባላቱ ስለ ቦርድ ሚና፣ ስለ ሠራተኛ አስተዳደርና ስለ ገንዘብ አያያዝ ሥልጠና የመውሰድ ግዴታም አለባቸው።

ከዚህ አሠራር አራት ቁም ነገሮችን እንወስዳለን።

አንደኛ፣ መምራትና የዕለት ሥራን ማከናወን ይለያያሉ። ቦርዱ ርእሰ መምህሩን ይቀጥራል፣ ሥራውንም ይመዝናል፤ መመሪያ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል። መምህራንን በየክፍሉ እየዞሩ ማዘዝ ግን የርእሰ መምህሩን ሥልጣን ያፈርሳል።

ሁለተኛ፣ ሥልጣኑ የጉባኤው ነው። የእድር ዳኛ ብቻውን የእድሩን ገንዘብ እንደማያወጣ ሁሉ፣ አንድ የቦርድ አባልም ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም። ወላጅ በመንገድ አግኝቶት ስለ መምህር አቤቱታ ቢያቀርብለት፣ በትዕግሥት ሰምቶ የአቤቱታውን ሥርዓት ይጠቁመዋል እንጂ «እኔ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ቃል አይገባም።

ሦስተኛ፣ ሒሳብን በየጊዜው መመርመር የሁሉም አባላት ግዴታ ነው። መንግሥት ገንዘብ የሚመድበው በተማሪ ቁጥር ነው። ለ300 ተማሪዎች በጀት ተይዞ 270 ቢመዘገቡ፣ ከታሰበው ገቢ አንድ አሥረኛ ያህሉ ሊጎድል ይችላል። ይህን በመስከረም ያወቀ ቦርድ ወጪውን ያስተካክላል፤ በመጋቢት ያወቀ ግን የመምህራንን ደመወዝ ለመክፈል ይቸገራል። ስለዚህ ሒሳብ ያልገባው አባል መጠየቅን ሊያፍር አይገባም፤ ዝምታው እንደ ይሁንታ ይቆጠርበታልና።

አራተኛ፣ የግል ጥቅም ይገለጥ። የአንድ አባል ወንድም ለተማሪዎች አውቶቡስ ለማከራየት ቢወዳደር፣ አባሉ ዝምድናውን በጉባኤው ፊት አስታውቆ ከውይይቱና ከድምፅ አሰጣጡ ይወጣል፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። አውቶቡሱ በእውነት ርካሽ ቢሆን እንኳ፣ የተሸሸገ ዝምድና የወላጆችን አመኔታ ያጠፋል።

በአገራችንም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትም ሆነ በማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ኮሚቴ የምታገለግሉ አንባብያን በሚቀጥለው ስብሰባችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ብታነሡ ትጠቀማላችሁ፦ የእኛ ድርሻና የርእሰ መምህሩ ድርሻ በጽሑፍ ተለይቷልን? ያለፉትን ሦስት ወራት ገቢና ወጪ ሁላችንም አይተናልን? ያሳለፍናቸውን ውሳኔዎች ወላጆች ያውቋቸዋልን? በጎ ፈቃደኛ ደመወዝ አይከፈለው ይሆናል፤ የተቀበለው አደራ ግን ደመወዝ ከሚከፈለው ሠራተኛ አያንስም።