ምርቱ የቀነሰ የአትክልት መደብ አፈርን ስለማሻሻል

በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ቆስጣና ጥቅል ጎመን የሰጠ ከፍ ያለ መደብ በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ የገረጣና ያልጠቀለለ ጎመን ሲያወጣ ይታያል። የማኅበሩ አባላት መጀመሪያ ዘሩን ይወቅሳሉ፤ ቀጥሎ ዩሪያ ይጨምራሉ፤ በመጨረሻም መደቡን ትተው ሌላ ቦታ ይቆፍራሉ። ለዘርና ለማዳበሪያ የወጣው ገንዘብ በብድር የተገኘ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በእኛ አስተያየት ከዘሩ በፊት መመርመር ያለበት መደቡ ነው።

መደብ ከፍ የሚደረገው ውሃ እንዲጠነፈፍና ሥር አየር እንዲያገኝ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬው በመረሬ አፈር ላይ በእጅ እየዛቀ ሰፊ መደብ ማዘጋጀት የለመደው ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ መደብ ውሃ ያጠነፍፋል እንጂ አፈር አይመግብም። አየር እንደ ልብ በሚገባበት ልል አፈር ውስጥ ጥቃቅን ተሕዋስያን ብስባሹን ቶሎ ይጨርሱታል። ከመጠን በላይ የሚጠጣው ውሃ ናይትሮጅኑን ከሥር በታች አጥቦ ይወስዳል፤ ሌላውን ምግብ አትክልቱ ይዞት ገበያ ይወርዳል። መደቡ ዓመት በዓመት ዝቅ እያለ ከሄደ አንዱ ምክንያት የብስባሹ ማለቅ ነው።

ለምርመራው አካፋ ይበቃል። 20 ሳ.ሜ. ያህል ተቆፍሮ ትል የማይታይበት፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ የሚጠነክር አፈር ብስባሽ አንሶታል። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን ማነሱን ያመለክታል። መደቡ እየተረገጠ ከሆነም መታየት አለበት፤ ስፋቱ ከ1 እስከ 1.20 ሜትር ከሆነ ከሁለቱም ወገን በእጅ ስለሚደረስ መርገጥ አያስፈልግም።

አፈሩን ያለሰልሳል በሚል ሰጋቱራ ወይም ጥሬ የጤፍ ጭድ ከአፈሩ ጋር የሚደባልቁ አሉ። ይህ መደቡን ይበልጥ ያስርበዋል፤ ተሕዋስያኑ ጭዱን ለማብላላት ናይትሮጅንን ከተክሉ ይሻሙታልና። ጭዱ ከላይ ቢለበስ ግን እርጥበት ይጠብቃል። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘር ያመጣል፤ እንደ ሰላጣና ካሮት በጥሬው ለሚበላ አትክልትም ለጤና አያሰጋም አይባልም።

የምንመክረው በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ነው። 1 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት ላለው መደብ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይሆናል፤ ከተከላ በፊት ከላይኛው 15 ሳ.ሜ. አፈር ጋር ይደባለቃል። ኮምፖስት መድረሱ የሚታወቀው ክምሩ ሲበርድና የእርጥብ አፈር ሽታ ሲኖረው ነው። ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ በሚገባበት አገር ይህን ያህል ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን እናውቃለን። እንዲህ ሲሆን ያለውን ለአሥር መደብ ከማብቃቃት ለአራቱ አሟልቶ መስጠት ይሻላል።

ዩሪያ ይቅር አንልም። በሄክታር 100 ኪሎ ከተባለ ለ10 ካሬ ሜትር 100 ግራም ብቻ ነው፤ በእፍኝ ሲበተን ከዚህ በእጅጉ ያልፋል። ለሁለት ከፍሎ፣ ግንዱን ሳይነካ፣ እርጥብ አፈር ላይ መስጠትና በአፈር ማልበስ ያስፈልጋል። ኖራ ግን አፈሩ አሲዳማ መሆኑ በምርመራ ሳይረጋገጥ አይጨመር። ከጎመን በኋላ ጎመን ሳይደገም ፎሶሊያ ወይም ባቄላ ይተካ።

አባላቱ ካመነቱ የልማት ሠራተኛው ከሁለት ጎን ለጎን መደቦች አንዱን በኮምፖስት አሻሽሎ ሌላውን እንደነበረ ይተው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ችግኝ፣ እኩል ውሃና እኩል ዩሪያ ያግኙ፤ የሁለቱም ምርት በአባላቱ ፊት ለየብቻ ተመዝኖ ይመዝገብ።