የሚሞተው ዛፍና የሚያስተላልፈው ዛፍ፦ የኦክ ድንገተኛ ሞት ስርጭት ሞዴል

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ደኖች ኦክና ታንኦክ የተባሉ ዛፎችን በብዛት ያደረቀው በሽታ መንስኤ ፋይቶፍቶራ ራሞረም የተሰኘ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። የስርጭቱን ሞዴል በሞቱ ዛፎች ካርታ ላይ ብቻ መመሥረት ግን ያሳስታል። ኦክ ግንዱ ተጠቅቶ ይሞታል እንጂ በሽታውን እምብዛም አያስተላልፍም። ታንኦክ ሁለቱንም ያጣምራል፤ ቤይ ሎረል ደግሞ በቅጠሉ ላይ ብዙ ስፖር እያፈራ ራሱ በበሽታው አይሞትም።

ስለሆነም የደኑ ክልል በእኩል ካሬዎች ሲከፈል፣ የእያንዳንዱ ካሬ በሽታን የማስተላለፍ አቅም የሚገመተው በአስተላላፊ ዛፎች ብዛት፣ በእርጥበትና በሙቀት መጠን ነው። በዝናብ ፍንጣቂ የሚጓዘው ስፖር አብዛኛው በቅርብ ይወድቃል፤ አልፎ አልፎ ርቆ የሚሄደው ግን አዲስ የበሽታ ማዕከል ይፈጥራል።

ከኒፍና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት የሞዴል ጥናት፣ በሽታውን በመላው ካሊፎርኒያ መግታት የማይቻልበት ደረጃ ላይ መደረሱን፣ በተወሰነ አካባቢ ግን መከላከል እንደሚቻል አሳይተዋል። የቆረጣው ስፋት ከወረርሽኙ ስፋት ጋር ካልተመጣጠነ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በመሆኑም የመስክ ቆጠራ ከደረቁት ዛፎች ይልቅ ለምለም ሆነው በሽታውን የሚያዛምቱትን ማስቀደም ይኖርበታል።