መሬቱን የሚከራይ ዛፍ፣ መሬቱን የሚወርስ ዛፍ
ባሕር ዛፍ ወይስ ዲከረንስ? ችግኝ ከመግዛትዎ በፊት

ሰኔ ሲገባ በአዊ ደጋ ብዙ አርሶ አደር አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ ችግኝ ጣቢያ ይሄዳል፦ ዘንድሮ ባሕር ዛፍ ልትከል ወይስ ዲከረንስ? መልሱን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ ዐምና አጠና ሸጦ የቆርቆሮ ቤት ከሠራ ባሕር ዛፍ ይገዛል፤ ከሰል ሸጦ በሬ ከገዛ ዲከረንስ ተሸክሞ ይመለሳል። እኔ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እላለሁ፦ ከአምስት ዓመት በኋላ ይህ ማሳ ምን እንዲሆን ይፈልጋሉ? ተመልሶ ጤፍ እንዲያበቅል ከሆነ ዲከረንስ፣ ዛፍ ሆኖ እንዲኖር ከሆነ ባሕር ዛፍ። ዲከረንስ መሬቱን ይከራያል፤ ባሕር ዛፍ ይወርሰዋል። የቀረው ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

ሁለቱም ዛፎች መነሻቸው አውስትራሊያ ነው። ባሕር ዛፍ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶና የቤት እንጨት ባጠራት ጊዜ ነበር። ዲከረንስ በአዊ የተስፋፋው ግን ባለፉት ሠላሳ ገደማ ዓመታት ነው። በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ አርሶ አደሩ ራሱ ከእርሻው ጋር አዋህዶ የገቢ ምንጭ አደረገው።

አፈርና ውኃ

ዲከረንስ እንደ ባቄላና እንደ አተር የጥራጥሬ ወገን ነው። በሥሩ አንጓዎች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለዛፉ ይሰጣሉ፤ የረገፈው ቅጠልም ሲበሰብስ አፈሩን ያለማል። ዝናብ አጥቦት ለደከመ የደጋ ማሳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ዲከረንስ ኖራን አይተካም። ማሳዎ አሲዳማ ከሆነ አፈሩን አስመርምረው፣ በግብርና ባለሙያ ምክር መጠን ኖራ ይጨምሩበት።

ባሕር ዛፍ ለአፈር ምርጫ አያበዛም፤ ድንጋያማና የተራቆተ ቦታ ላይም ይበቅላል። ጥንካሬው ይህ ነው። ነገር ግን ከወሰደው የሚመልሰው ጥቂት ነው፤ ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሥሩም ከአጠገቡ ካለው ሰብል ጋር ውኃ ይሻማል። ስለዚህ ከምንጭ፣ ከጉድጓድ ውኃና ከመስኖ ቦይ አጠገብ አይትከሉት። ከጎረቤት ማሳ ጋር የሚዋሰን ከሆነ በቂ ርቀት ይተዉ፤ በድንበሩ ላይም ሥር የሚቆርጥ ጥልቅ ቦይ ይቆፍሩና በየዓመቱ ያድሱት። በዛፍ ጥላና ሥር ምክንያት የሚነሳ የወሰን ጠብ ከሽያጩ ትርፍ በላይ ያስከፍላል።

ቦታ ሲመርጡ ከፍታውንም አይርሱ። ነጭ ባሕር ዛፍ የደጋ ነው፤ ቀይ ባሕር ዛፍ ወደ ወይና ደጋና ሞቃት አካባቢ ይስማማል። ዲከረንስ ዝናብ የማይነፍገውን ደጋ ይወዳል። ውኃ የሚተኛበት ረግረግ ግን ለዲከረንስ አይሆንም።

ችግኝና ተከላ

የዲከረንስ ዘር ቅርፊቱ ደንዳና ነው። እንዲሁ ቢዘሩት አንዱ በቅሎ ሌላው ይቀራል። ውኃ አፍልተው ከእሳት ካወረዱ በኋላ ዘሩን ይጨምሩበት፤ በዚያው ውኃ ውስጥ ሲቀዘቅዝ አድሮ፣ ያበጠውን ለይተው በማግሥቱ ይዝሩ። የባሕር ዛፍ ዘር ይህን አይፈልግም። እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ግን ከአሸዋ ጋር ቀላቅለው በስሱ ይበትኑት፤ አፈር አያብዙበት፣ ውኃውም በወንፊት እንደሚወርድ ያለ ቀስ ያለ ይሁን።

ርቀትን በሚመለከት ሒሳቡን አስቀድመው ይሥሩ። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው። በ1 ሜትር በ1 ሜትር ከተከሉ 2500 ችግኝ፣ በ2 ሜትር በ2 ሜትር ከሆነ 625 ችግኝ ይይዛል። ለከሰልና ለቀጭን አጠና ጠበቅ ያለው ይሆናል። ወፍራም ምሰሶ ወይም ጣውላ የሚፈልጉ ግን ሰፋ አድርገው ይትከሉ፤ ተጠጋግቶ የተተከለ ዛፍ ይረዝማል እንጂ አይወፍርም።

የዲከረንስ ትልቁ ጥቅም በመጀመሪያው ክረምት ይታያል። የአዊ አርሶ አደር ማሳውን ለጤፍ አርሶ ችግኙን ይተክላል፤ በዚያው ማሳ ጤፉን ይዘራል። ለጤፉ የሚደረገው እርሻና አረም ለችግኙም ይጠቅማል። በሁለተኛው ዓመት ከዛፉ ሥር የሚበቅለው ሣር ታጭዶ ለከብት ይሆናል ወይም ይሸጣል። ዛፉ እስኪደርስ ድረስ ቤተሰቡ ባዶ እጁን አይቀመጥም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ከብት ወደ ማሳው ማስገባት ግን ችግኙን ማስበላት ነው፤ ሣሩን አጭደው ያውጡ።

ቆረጣ

ዲከረንስ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ ይቆረጣል። እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል ብለው አይመኩበት፤ ለሚቀጥለው ዙር አዲስ ችግኝ ያስፈልጋል። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፤ እኔ ግን ለእርሻ መሬት በረከት ነው እላለሁ። ዛፉ ከተነሳ በኋላ ማሳው ለማረሻ ዝግጁ ነው፤ ጤፉም ዛፉ ባለማው አፈር ላይ ይዘራል።

ባሕር ዛፍ አንዴ ተተክሎ ብዙ ጊዜ ይቆረጣል። ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ከፈለጉ በስለታም መጥረቢያ ወይም በመጋዝ፣ ከመሬት አንድ ጋት ያህል ከፍ አድርገው፣ ውኃ እንዳይተኛበት አዘንብለው ይቁረጡ፤ ቅርፊቱ እንዳይላጥም ይጠንቀቁ። ቡቃያዎቹ ጠንከር ሲሉ በአንድ ጉቶ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ አይተዉ። ሁሉንም ቢያሳድጉ የሚያገኙት ጭራሮ ነው። ሐሳብዎን ለውጠው መሬቱን ወደ ሰብል ልመልስ ቢሉ ደግሞ ጉቶ መንቀል የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቃል። ይህን ወጪ ከመትከልዎ በፊት ያስቡበት።

ገበያ

የባሕር ዛፍ ገበያ ሰፊ ነው፦ ለቤት ማገርና ወራጅ፣ ለሕንፃ ግንባታ መወጣጫ፣ ለመብራት ምሰሶ፣ ለማገዶ። ቅጠሉ ለእንጀራ ምጣድ ይነድዳል፤ አበባው ለንብ ቀሰም ነው። ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው፦ ገበያ ከወደቀ ሳይቆርጡት ማቆየት ይቻላል፤ እያደር ይወፍራል እንጂ አይከስርም። ልጅ ለመዳር፣ ለሕክምና፣ ለትምህርት ቤት ወጪ እንደ ቁጠባ የሚያገለግለውም ለዚህ ነው።

የዲከረንስ ዋና ገበያ ከሰል ነው፤ ከአዊ እየተጫነ እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። ከሰል የሚያከስል ሰው እንጨቱን ቆርጦ ወዲያው አይቅበር። እርጥብ እንጨት ራሱን ለማድረቅ ብቻ ብዙ እንጨት ይበላል። ሳምንታት ካደረቀ በኋላ ቀጭኑንና ወፍራሙን ለይቶ ይደርድር፤ በአፈር በደንብ ይድፈን፤ ቀዳዳ ሲከፈትም ወዲያው ይዝጋ። ቀን ከሌሊት ያልተጠበቀ ክምር አመድ ይሆናል።

በአንድ ዛፍ አይመኩ

የቅርብ ዓመታት የሰጡንን ትምህርት እዚህ ላይ መናገር ግዴታዬ ነው። በአዊ የዲከረንስ ማሳዎች ላይ በሻጋታ የሚመጣ የዋግ በሽታ ገብቶ፣ ቅጠሉንና ቀንበጡን እያደረቀ ብዙ አርሶ አደሮችን አሳዝኗል። መሬታቸውን በሙሉ ለአንድ ዛፍ የሰጡት ክፉኛ ተጎድተዋል። ችግኝ ሲገዙ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ፤ ቡናማ ዱቄት ወይም እብጠት ካለበት ወደ ማሳዎ አያስገቡ። ከታመመ አካባቢም ችግኝ አያጓጉዙ። ምልክቱን ካዩ ሳይውል ሳያድር ለቀበሌ ግብርና ባለሙያ ይንገሩ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ለእርሻ የማይመች ተዳፋት፣ ድንጋያማ ጥግ ወይም ከሰብል የራቀ ቦታ ካለዎት ለባሕር ዛፍ ይስጡት። ደክሞ የሰለቸውን የሰብል ማሳ ደግሞ በዲከረንስ ያሳርፉት። ማሳውን አምስት ቦታ ከፍለው በየዓመቱ አንዱን ክፍል ይትከሉ፤ ከአምስተኛው ዓመት በኋላ በየዓመቱ የሚቆረጥ ይኖርዎታል፣ በየዓመቱም አንዱ ክፍል ለጤፍ ይለቀቃል። ለምግብ የሚሆነውን መሬት ግን አስቀድመው ለይተው ያስቀምጡ። ከሰል ሸጦ ጤፍ የሚሸምት ቤተሰብ የጤፍ ዋጋ በናረ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ጎተራው ሙሉ የሆነ ግን ዛፉን በራሱ ጊዜ ይቆርጣል።