የሚጥል በሽታና የነርቭ ሐኪም ሥልጠና፦ ከጥቁር አንበሳ እስከ ቃሊቲ

አንድ ሰው ድንገት ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ብናይ ምን ሆነ እንላለን? በሽታ ነው፣ መንፈስ ነው ወይስ ማስመሰል? ይህን ጥያቄ በእውቀት የሚመልስ ሐኪም እንዴት ይሠለጥናል? በዚህ ጽሑፍ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠናን በአንድ በሽታ አማካይነት እንመለከታለን። ምሳሌያችንን ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት የምንወስድበት ምክንያትም ወደ ኋላ ግልጽ ይሆናል።

፩. የበሽታው ስፋትና የሐኪሙ ማነስ

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባካሄዱት ጥናት 60,820 ሰዎችን ቆጥረዋል። ከአንድ ሺህ ሰው መካከል 5.2 የሚሆኑት የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ከሕሙማኑ ውስጥ ለበሽታው የታወቀውን ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ግን 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ መፍትሔ የፈለጉት ከጸበል፣ ከዕፀዋትና ከክታብ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መረጃ መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለመቶ ሺህ ሕዝብ የሚደርሰው የነርቭ ሕክምና ባለሙያ 0.1 ሲሆን፣ በበለጸጉት አገሮች 7.1 ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና የሬዚደንት ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሩ ትልቅ ትርጉም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ሙያ ስፔሻሊስት መሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት።

፪. ሬዚደንቱ ምን ይማራል?

ሬዚደንት ማለት የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ሐኪም ከሆነ በኋላ፣ በመምህራን ክትትል ሕሙማንን እያከመ በአንድ ዘርፍ የሚሠለጥን ባለሙያ ነው። በነርቭ ሕክምና የመጀመሪያ ትምህርቱ የጥያቄዎች ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ጉዳቱ የት ነው? ቀጥሎ ምንድን ነው? አንጎል ነው፣ ኅብለ ሰረሰር ነው፣ ነርቭ ነው ወይስ ጡንቻ? መልሱን በቅድሚያ የሚፈልገው በሕመሙ ታሪክና በመዶሻው ነው፤ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

በሚጥል በሽታ ደግሞ ታሪኩ ከሁሉም ይበልጣል። የአንጎል ሕዋሳት ከልክ በላይ በአንድነት የኤሌክትሪክ ምልክት ሲልኩ መንቀጥቀጥ ይከሰታል፤ ብዙውን ጊዜ ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያበቃል። ሕመምተኛው ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ ጤነኛ ይመስላል። የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢኢጂ እንኳ ጤነኛ ውጤት ቢያሳይ በሽታው የለም አያሰኝም። ሕመምተኛውም ራሱን ስቶ ስለነበር የሆነውን አያውቅም። ስለዚህ ዋናው ማስረጃ ያለው በዓይን ምስክሩ ዘንድ ነው።

፫. ምሳሌ፦ ከቃሊቲ የተላከ ታራሚ

ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት አንድ ታራሚ በአጃቢ ፖሊስ ታጅቦ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል መጣ እንበል። በማስተላለፊያ ወረቀቱ ላይ «ሌሊት ይወድቃል» ተብሏል። ሲወድቅ ያዩት አብረውት የሚያድሩት ታራሚዎች ናቸው፤ እነርሱ ግን እዚያው ቀርተዋል። አጃቢው አላየም። ሬዚደንቱ ምን ያድርግ?

ለክሊኒኩ ባለሙያ ጥያቄዎች ጽፎ ይልካል። ዓይኑ ተገልጦ ነበር ወይስ ተጨፍኖ? ስንት ደቂቃ ቆየ? የምላሱን ጎን ነክሷል? ሽንት አምልጦታል? ከነቃ በኋላ ግራ ተጋብቶ ነበር? ዓይን ተገልጦ መቆየቱና የምላስ ጎን መነከሱ ወደ ሚጥል በሽታ ያመለክታሉ። ዓይን አጥብቆ መጨፈንና ለረጅም ጊዜ እየቆመ እየቀጠለ መንቀጥቀጥ ከሌላ ዓይነት፣ ከሥነ ልቦና ጫና ጋር ሊያያዝ ከሚችል ሕመም ሊመጣ ይችላል። ይህም ቢሆን ማስመሰል አይደለም፤ የራሱ ሕክምና አለው። አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ የሁሉም ድምር ይመዘናል።

የፍርዱ ክብደት እዚህ ላይ ይታያል። በስሕተት «ያስመስላል» የተባለ ሕመምተኛ መድኃኒት ያጣል፤ በስሕተት «የሚጥል በሽታ ነው» የተባለ ደግሞ የማይጠቅመውን መድኃኒት ለዓመታት ይወስዳል።

ሕክምናውም ጥንቃቄ ይሻል። ፌኖባርቢታል ርካሽና ውጤታማ መድኃኒት ነው፤ በድንገት ከተቋረጠ ግን የማያባራ፣ ሕይወትን የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ታራሚው ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ሲዛወር፣ ፍርድ ቤት ሲውል ወይም ሲፈታ መድኃኒቱና ወረቀቱ አብረውት መሄድ አለባቸው።

፬. የሙያ ግዴታ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና የታሰሩ ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸው ተጠብቆ የመያዝ፣ በሐኪሞቻቸውም የመጎብኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ደግሞ እስረኛ ከሌላው ኅብረተሰብ ጋር እኩል ሕክምና እንዲያገኝ፣ ምርመራውም በምስጢር እንዲካሄድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሬዚደንቱ አጃቢው ንግግራቸውን ከማይሰማበት ርቀት እንዲቆም በትሕትና መጠየቅንም ይማራል።

፭. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የሚንቀጠቀጥ ሰው ስናይ ክብሪት ጭረን አናሽትተው፤ በአፉም ምንም አንክተት። ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ እናርቅ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ እናስተኛው፣ ሰዓት እንያዝ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና እንውሰደው። ያየነውንም በትክክል እንናገር። ስፔሻሊስቱ በአገራችን ጥቂት ነው፤ የዓይን ምስክር ግን እያንዳንዳችን መሆን እንችላለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኢኢጂ ጤነኛ ውጤት ቢያሳይም የሚጥል በሽታ ሊኖር የሚችለው ለምንድን ነው?
2. ምስክሩ በሌለበት ሐኪሙ ታሪኩን በምን መንገድ ሊያገኝ ይችላል?