የሻጋታ ትንኝን እንዴት እንለያት?

ተማሪዎች፣ በአበባ ማሰሮ ላይ የምትበር ጥቁር ትንኝ ስታዩ «ቢንቢ ናት» ለማለት አትቸኩሉ። የሻጋታ ትንኝ ልትሆን ትችላለች። እርሷ አትናከስም፤ ረጅም የደም መምጠጫም የላትም።

በአጉሊ መነጽር ተመልከቷት። ርዝመቷ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ደረቷ ጎበጥ ያለ፣ እግሮቿ ረጃጅም፣ አንቴናዋም 16 አንጓዎች ያሉት ነው። በክንፏ መካከል ያለው ጅማት እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል። እጯ ነጭ ሆኖ ጭንቅላቱ ጥቁር ነው፤ በእርጥብ አፈር ውስጥ ሻጋታና ብስባሽ ይበላል። ሲበዛ ግን የችግኝ ሥር ያጠፋል። በደቡብ አፍሪካ የደን ችግኝ ጣቢያዎች የተገኘችው ብራዲሲያ ዲፎርሚስ አንዷ ዝርያ ናት።

ዝርያዎቹ በጣም ስለሚመሳሰሉ፣ ባለሙያዎች የሚለዩአቸው የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ መርምረው ነው። የተያዘበት ቦታና ቀን ያልተጻፈበት ናሙና ግን ብዙ አይጠቅማቸውም።

ወላጆች፣ ትንኟን በትክክል ካወቅናት የቢንቢ መርዝ መንፋት አያስፈልገንም፤ የአፈሩ ላይኛው ክፍል እስኪደርቅ ውሃ መቀነስ ይረዳል። ተማሪዎችም እስቲ የቤታችሁን ማሰሮ ተመልከቱ፤ ያያችሁትን ከነቦታውና ከነቀኑ በደብተራችሁ ጻፉ።