ምዕራፍ 7፦ ወደ ነርስነት የሚያስገቡ ሦስት በሮች

«ስማር ነርስ እሆናለሁ» የምትል ልጅ በሀብሩ ወረዳ ትምህርት ቤቶች አትጠፋም። ከገጠር ቀበሌ መጥታ መርሳ ላይ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል የተከራየች ተማሪ እናስብ። ቅዳሜ ወደ ቤቷ ወጥታ ስንቋን ትይዛለች፤ ስንቁ ሐሙስ ላይ ያልቃል። እናቷ ታማለች፤ የታናናሾቿ ነገርም እሷ ላይ ወድቋል። ማንጎው ሲደርስ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፉት መኪኖች መስኮት ሥር ቆማ ትሸጣለች። የእኩዮቿ ወሬ ዓረብ አገር ስለሄደችው የጎረቤት ልጅና ስላሠራችው ቆርቆሮ ቤት ነው። ይህችን ልጅ «በርቺ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የጎደላት ግን ብርታት አይደለም፤ መንገዱን ዘርዝሮ የሚነግራት ሰው ነው። አንቺም እንደሷ ከሆንሽ ይህ ምዕራፍ ላንቺ ተጽፏል።

አንደኛው በር፦ ዩኒቨርሲቲ

በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ላመጣ ይከፈታል። የ2014ን ፈተና በዚህ ነጥብ ያለፉት 3.3 በመቶ፣ የ2017ን ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ነጥቡ በጥቂት ለጎደለበት የሪሚዲያል ዕድል አለ። በሩ ጠባብ ቢሆንም ለድሃ ልጅ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ በወጪ መጋራት የገባ ተማሪ መኝታና ምግብ ያገኛል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ነርሲንግ በዲግሪ የሚሰጡ የመንግሥት ተቋማት ብዙ ናቸው። ከገቡ በኋላ ግን የትምህርት ክፍል ምደባ አለ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ቸል ያለ ነርሲንግን ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛው በር፦ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ

ደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅን የመሰሉ የክልል ኮሌጆች ነርሶችን በደረጃ ያሠለጥናሉ። የሠለጠነ ሰው ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ማለፍ አለበት። ጊዜው ከዲግሪው ስለሚያጥር ደመወዙ ቶሎ ቤት ይደርሳል። ዲግሪውን ደግሞ እየሠሩ መማር ይቻላል፤ ብዙ ነርሶች የሄዱበት መንገድ ነው። የመግቢያ መስፈርቱ ስለሚለዋወጥ ከኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ራስሽ አንብቢ። የግል ኮሌጅ ካሰብሽ ለክፍያው የቤተሰብሽ በሬ ከመሸጡ በፊት ኮሌጁ ለሙያውና ለቅርንጫፉ የሥልጠና ፈቃድ እንዳለው አጣሪ። ፈቃድ የሌለው ኮሌጅ የሚሰጠው ወረቀት ሥራ አያስቀጥርም።

ሦስተኛው በር፦ ጤና ኤክስቴንሽን

ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ታስቦ ነበር። የተመለመሉት 10ኛ ክፍል የጨረሱ የየአካባቢው ልጆች ናቸው። ከነሱ መካከል ትምህርታቸውን አሻሽለው ወደ ላይ የወጡ አሉ። የቀበሌሽን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንዴት እዚያ እንደደረሰች ጠይቂያት፤ ከማንም በላይ የቅርብ አማካሪሽ እሷ ናት።

ሒሳብን አትሽሺ

ነርስነት የርኅራኄ ሥራ ብቻ መስሏቸው ሒሳብን የሚተዉ ብዙ ናቸው። ሐኪም «1,000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ይግባ» ብሎ አዘዘ እንበል። የመስመሩ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ 1,000 በ20 ተባዝቶ 20,000 ጠብታ ይሆናል። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። ስታካፍዪው በደቂቃ 42 ገደማ ይመጣል። ነርሷ ሰዓቷን እያየች ጠብታውን የምታስተካክለው በዚህ ስሌት ነው፤ ብትሳሳት የሚጎዳው በሽተኛው ነው። ስሌቱ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም፤ አሁኑኑ መለማመድ ትችያለሽ።

ቤተሰብን ማሳመን

«ነርስ የሐኪም ተላላኪ ናት» የሚል አጎት ካለሽ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ የተማሩት ነርስነትን እንደነበር ንገሪው። ለአባትሽ ደግሞ ሕልምሽን ብቻ አትንገሪ፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ምን ያህል ብር እንደሚያስፈልግና መቼ ገቢ እንደሚጀምር በወረቀት አሳዪው። አስቸጋሪውንም አትደብቂ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል፤ ሙያው ቶሎ አያበለጽግም። ይሁን እንጂ ማንም የማይቀማሽ ሙያ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ክረምት ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ያየ የወልድያና የሀብሩ ሰው፣ አንዲት ነርስ ለአንድ ቀበሌ ምን እንደምትሆን ያውቃል።

የዚህ ምዕራፍ የቤት ሥራ

1. በሦስቱ በሮች ትይዩ የሚጎድልሽን ነጥብና ብር ጻፊ።
2. በዚህ ሳምንት አንዲት ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አነጋግሪ።
3. በየቀኑ አንድ የጠብታ ስሌት ሥሪ።

ትልቁ በር ቢዘጋ ሁለተኛውን አንኳኪ፤ አንደኛው ካልሆነ ብለሽ ዓመት አታቃጥዪ። ከጤና ጣቢያ አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ የሚጠይቅሽ ሥራውን ማወቅሽን እንጂ በየትኛው በር እንደገባሽ አይደለም።